ሳይጨርሱ የሚወጡበት ደቦ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ከሰው ቀድመው መብራት በሚያበሩበት ዘመን፣ ሸንተረር በምትባል አገር አንድ ትልቅ ምድጃ ነበረ። ምድጃው እንጨት አይበላም፤ ከሰልም አይጠይቅም። ከተራራ ሆድ የወጡ ጥቁር ድንጋዮች ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ተደርድረው እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ መዘውር ያዞራል፣ መዘውሩም ከአንበሳ አዳራሽ እስከ ጅብ ጉድጓድ ድረስ መብራት ያበራል። ጅብ መብራቱን አልወደደውም፤ የሰረቀውን ሁሉ እያሳየ አስቸግሮታል። የተቀረው አገር ግን ደስ ብሎት ይኖር ነበር።

አንድ ቀን ምድር ተንቀጠቀጠች። የምድጃው ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ የገንዳው ውሃ ፈስሶ አለቀ። ውሃ ያጡት ድንጋዮች ጋሉ፣ ጋሉ፣ በመጨረሻም ቀልጠው እንደ ገንፎ ወለሉ ላይ ተለጠፉ። መብራቱ ድርግም አለ። ከዚያ ወዲያ በምድጃው አቅራቢያ የሚግጡ ሚዳቋዎች ያስመልሳቸው፣ ጠጉራቸውም እየተነቀለ ይረግፍ ጀመር። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፣ በዓይን የሚታይ ነገር የለ።

ጉዱ መጀመሪያ የገባት እመት ቀበሮ ናት። ጉድጓዷ ከምድጃው በታች በወንዙ ዳር ነበር። የቅርብ ጎረቤቷ ደግሞ አህያ ነው። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሸከማል። እሷ ትዋሻለች፣ እሱ ያምናታል። ከዚህ የተሻለ ጉርብትና ያየ ካለ ይናገር። ሁለቱም ቤታቸውን ጥለው ወደ ኮረብታው ሸሹ። ቀበሮ ከኮረብታው ላይ ሆና ቁልቁል ስታይ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳት፤ ክረምት እየመጣ ነው። ጣሪያው ተቀዷል። ዝናቡ በቀዳዳው ገብቶ ያንን መርዝ አጥቦ ወንዙ ውስጥ ቢጨምረውስ? ወንዙ ደግሞ የሸንተረር ብቻ አይደለም። ከሸንተረር ወደ ሐይቁ አገር፣ ከዚያ ወደ ጫካው አገር፣ ከዚያም ወደ አሸዋው አገር ይወርዳል። አገሩ ሁሉ ከአንድ ዋንጫ የሚጠጣ ነው።

ስለዚህ ተነሥታ ወደ አንበሳ አዳራሽ ሄደች።

አንበሳ በጨለማ ተቀምጦ ጋማውን ያበጥራል። «ምንም አልሆነም» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ግድግዳው ትንሽ ተጫጭሯል።»

«ጌታዬ፣ በጭረቱ ውስጥ ዝሆን ያልፋል።»

«ቀጭን ዝሆን» አለ አንበሳ።

«ይሁን፤ ቀጭን ዝሆን። ታዲያ እሱን ቀጭን ዝሆን እንጥራው እንጂ! የሐይቁ አገር አራዊት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው ያውቃል ይባላል። መላውን ያውቁታል። ለብቻችን አንችለውም።»

አንበሳ አገሣ። ግሣቱ ግን ከጉሮሮው እንጂ ከሆዱ አልነበረም። «ምድጃውን ስናስመርቅ ጎረቤት ሁሉ ፊት ስንት ፎክሬያለሁ! አሁን ደግሞ ‹ተሰነጠቀብኝ፣ ኑ አግዙኝ› ብዬ ልለምን? አንበሳ አይለምንም!»

ቀበሮ ጅራቷን አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ አደረገች። እንዲህ ስታደርግ ሐሳብ እየመጣላት ነው ማለት ነው።

«ውይ ጌታዬ! ማን ለምኑ አለዎት? ደቦ ይጥሩ እንጂ!»

«ደቦ?»

«አዎን! የሚለምን የቸገረው ነው። ደቦ የሚጠራ ግን ባለጠጋ ነው፤ ሥራ የበዛበት፣ ድግስ የሚደግስ፣ ጎረቤት የሚያከብረው። እነሱ መሣሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እየዘፈኑ ይሠራሉ፣ በልተው ጠጥተው ይመለሳሉ። ነገ እነሱ ጋ ሲበላሽ ደግሞ እኛ እንሄዳለን። ይህ ልመና ነው? ይህማ ግብዣ ነው!»

የአንበሳ ጋማ ቀስ በቀስ ቆመ። «ደቦ…» አለ ቃሉን እንደ አጥንት እያላመጠ። «ታላቅ ደቦ! የአራት አገር ደቦ! ይነገር! ይለፈፍ!»

በር ላይ ተለጥፎ ያዳምጥ የነበረው አያ ጅቦ ከዚህ ሁሉ ንግግር አንዲት ቃል ብቻ ጆሮው ገባች። አንገቱን አስግጎ፦ «ድግሱ መቼ ነው?» አለ።

ቀበሮ እየዘለለች ወደ ኮረብታው ተመለሰች። የራሷን ምላስ መሳም ቢቻል ኖሮ ትስመው ነበር። ያቺ ደቦ የምትባል ቃል ምን ጎትታ እንደምትመጣ ግን አላሰበችም።

* * *

እንግዶቹ መጡ። ከጫካው አገር ዝሆኖች መጡ፤ በኩምቢያቸው ውሃ እየረጩ አቧራው እንዳይነሣ ያደርጋሉ። ከአሸዋው አገር ግመሎች መጡ፤ የሚያጣብቅ ሸክላ በጀርባቸው ጭነዋል። ከሐይቁ አገር ደግሞ እማማ ኤሊ መጣች። ሁሉም ከደረሱ በኋላ፣ ድንኳን ከተተከለ በኋላ፣ ጅብም የመጀመሪያውን ድስት ካሸተተ በኋላ ደረሰች። ማንም ግን አልሳቀባትም። ልብሷ የድንጋይ፣ ዓይኗ የአሮጊት፣ አነጋገሯ የመምህር ነበር። ከኋላዋ የሚመጡት ልጆቿ ብዙ ቅል ተሸክመዋል፤ በእያንዳንዱ ቅል ውስጥ አንዲት ፌንጣ አለች።

«ልጆቼ» አለች እማማ ኤሊ ሁሉንም ሰብስባ፣ «በቅድመ አያቴ ዘመን የእኛም አገር ምድጃ ፈንድቶ ነበር። ያን ጊዜ አፍረን ደበቅነው። ደብቀን ምን አገኘን? ለቅሶ። እናንተ ሳትደብቁ ስለጠራችሁን እግዜር ይስጣችሁ።»

አንበሳ ሳል ሳል አለው። ቀበሮ ወደ ሰማይ አየች።

«ከዚያ ቤት የሚወጣውን ነገር እኛ ጨረር እንለዋለን። አይታይም፣ አይሸትም፣ አይጨበጥም። ሰውነት ውስጥ ግን ይጠራቀማል። ይቺ ፌንጣ ትሰማዋለች።» አንዱን ቅል አንሥታ ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገችው። ፌንጣዋ «ጭር» አለች። ትንሽ ቆይታ «ጭር… ጭር» አለች። ቆየት ስትል «ጭርጭርጭርጭር!» ብላ አበደች።

«ርቧት ነው» አለ ጅብ በሐዘኔታ።

«አይ ልጄ፣ ሁሉም እንደ አንተ በሆዱ አይጮኽም። ‹በቃ፣ ድርሻዬ ሞላ› ማለቷ ነው። ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፤ ስሙኝ። ቅሉን አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ትገባላችሁ። ፌንጣዋ ስትንጫጫ የያዛችሁትን ጥላችሁ ትወጣላችሁ። ድንጋይ አንሥታችሁ ከሆነ ድንጋዩን፣ ቃል ጀምራችሁ ከሆነ ቃሉን! የወጣ ይታጠባል፣ የታጠበ ይበላል፣ የበላ ለዕለቱ አይመለስም። የቀረውን ከኋላው ያለው ይቀጥላል።»

ዝሆኖቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግመሎቹም ነቀነቁ። የሸንተረር አራዊት ግን እርስ በርስ ተያዩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሸንተረር ደቦ ላይ ማሳው ሳያልቅ የሚወጣ የለም። ማጭዱን መሬት ቀድሞ ያስቀመጠ ወየውለት! ዝንጀሮዎች ከበሮ ይዘው ዳር ይቆማሉ፤ የዚያን ሰነፍ ስም በዘፈን ያወጡታል። ዘፈኑ ከእሱ አልፎ ለልጆቹ ይተርፋል፤ ልጁን ለመዳር ሲሄድ እንኳ ያንን ዘፈን ይዘፍኑበታል። እና አሁን ይህች የሐይቅ ሴትዮ ሳትጨርሱ ውጡ ትላለች? በደቦ? ሰው ምን ይለናል?

መጀመሪያ የገባው ጅብ ነበር፤ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ሊበላ። ፌንጣዋ ገና «ጭ…» ስትል ያነሣትን ጠጠር ወርውሮ እየበረረ ወጣ። ዝንጀሮዎቹ ከበሮውን መቱ፦

«ወጣ ወጣ፣ ሮጠ ሮጠ፣
ሥራ አይቶ ደነገጠ!»

ጅብ ምን ገዶት! ታጥቦ ድስቱ ውስጥ ራሱን ቀበረ። እማማ ኤሊ ግን በአድናቆት ተመለከተችው። «እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሠራተኛ በስተርጅናዬ አየሁ» አለች። ጅብ ከተወለደ ጀምሮ ሲመሰገን ሰምቶ ስለማያውቅ ስለ ማን እንደምታወራ ዞር ብሎ አየ።

ቀጥሎ አንድ ትልቅ ዝሆን ገባ። ፌንጣዋ ስትንጫጫ ግማሽ ግንድ ጥሎ ወጣ። «ሮጠ ሮጠ!» ተባለ። ዝሆኑ ጆሮውን አርገበገበ። «እኔን ነው?» አለ ለጓደኛው። «ከዚህ ድረስ ተጉዤ የመጣሁት ልሰደብ ነው?»

ከዚያ አህያ ገባ።

ፌንጣዋ «ጭር» አለች። አህያ አልወጣም። «ጭርጭርጭር» አለች። አልወጣም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ፍርስራሹን በሁለት ጎኑ ጭኖ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ብቅ አለ። ዝንጀሮዎቹ ወደ ላይ ዘለሉ፦

«አህያ ነው፣ አህያ ነው፣
ሳይጨርስ የማይወጣው!»

ይህን ምስኪን አስቡት እንግዲህ። ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ ያገኘው ዱላ ነው። አሁን አገር በስሙ ከበሮ ይመታል። ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በማግስቱ የበለጠ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይበልጥ። እሱን ያዩ ሚዳቋዎችና ከርከሮዎችም ለዘፈኑ ሲሉ መቆየት ጀመሩ።

ቀበሮ አንድ ማለዳ ከጎኑ ተቀምጣ ሳለ አንገቱን አየች። ጋማው ቦታ ቦታ ተነቅሏል። ያመጣችለትን ሣርም አልነካውም።

«ምነው ጋማህ?»

«ሙቀቱ ነው።»

«ምነው ሣሩ?»

«ጠግቤ ነው።»

«አንተ አህያ፣ እኔ ነኝ ውሸታሟ፤ አንተ መቼ ለመድክ? ቅልህ ሲንጫጫ አይሰማህም?»

«ይሰማኛል እንጂ» አለ አህያ ጆሮውን ዝቅ አድርጎ። «ግን እመት ቀበሮ፣ ጆሮዬ ረጅም ነው። ዘፈኑም ይሰማኛል።»

ቀበሮ ሣሩን ወደ አፉ ጠጋ አደረገችለት።

እማማ ኤሊ ከኋላዋ ቀስ ብላ መጣች። «ልጄ፣ ይህን ነገር ደቦ ብሎ የሰየመው ማን ነው?»

«እ… ጌታው አንበሳ ናቸው» አለች ቀበሮ። ከዚያ የኤሊን ዓይን አየችና፦ «እኔ ነኝ» አለች።

«ስሙ ጥሩ ነው። ሁላችንንም አምጥቶናል። ግን ከስሙ ጋር ያ ከበሮም አብሮ መጣ። የጎረቤትሽ ሰውነት ሊሞላ ነው፤ ከዚህ በላይ ከገባበት አይነሣም። እኔ ምድጃ ላጸዳ መጣሁ እንጂ አህያ ልቀብር አልመጣሁም። አንድ ሰው ከሞተ ቅሎቼን ሰብስቤ እመለሳለሁ። ዝሆኖቹም ተቀይመዋል፤ ይከተሉኛል።» ወደ ሰማይ አንጋጠጠች። ከተራራው ጫፍ ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል። «ዝናቡ ደግሞ እኛን ብሎ አይቆይም።»

ቀበሮ ሄዳ ዝንጀሮዎቹን ለመነች። «ደቦ ያለ ዘፈን?» ብለው ሳቁባት። አንበሳን ለመነች። «አህያ የአገሬ ኩራት ነው!» አላት። አህያን ለመነች። «ዛሬ ብቻ» አለ። ጅራቷን ወዲህ ብታደርገው፣ ወዲያ ብታደርገው ሐሳብ የሚባል አልመጣ አለ።

* * *

የክዳኑ ቀን ደረሰ።

ፍርስራሹ ተለቅሟል፣ ስንጥቁም በግመሎቹ ሸክላ ተደፍኗል። የቀረው በቀለጠው ድንጋይ ላይ ከዚያው ሸክላ የተሠራውን ትልቅ ክዳን በገመድ እየጎተቱ ማልበስ ነው። ደመናው ወርዶ ኮረብታውን ነክቷል። ዛሬ ካልተከደነ ዝናቡ ይገባል።

«እኔ ልጀምር» አለ አህያ። ማንም ሳይመልስለት ገመዱን በጥርሱ ነክሶ ገባ።

ቀበሮ በዚያን ሰዓት የምግብ ተራ አስከባሪ ነበረች። ማለዳ የመጨረሻውን ፍርስራሽ ለቅመው የወጡት ታጥበው ተሰልፈዋል፤ ታጥቦ የመጣ ሁሉ አንድ ጊዜ ይበላል። ከሰልፉ መካከል አንድ አመድ የለበሰ፣ አንገቱን እንደ ምንም ያስረዘመ እንግዳ መጣ።

«ከየት ነህ ወንድሜ?»

«ከአሸዋው አገር። የግመል ዘመድ ነኝ።»

«በማን በኩል?»

«በ… በእናቱ።»

«ታዲያ ሻኛህስ?»

እንግዳው ወደ ጀርባው ዞሮ አየ። «ውይ! ቤት ረስቼው መጣሁ።»

ቀበሮ በጅራቷ አመዱን ጠረግ ብታደርገው የአያ ጅቦ ነቁጥ ብቅ አለ። ያ ሥርዓት ያለው ሠራተኛ ለካስ ሲወጣ ይበላል፤ ከዚያ አመድ ተቀብቶ በሌላ ስም ይመለሳል፤ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ወጥቶ ዳግመኛ ይበላል!

«ዛሬ ስንት ጊዜ ገባህ?»

«አንድ! ሌላውን የገባው ወንድሜ ነው።»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ቀበሮም ልትስቅ አፏን ስትከፍት ሳቁ እዚያው ቀረ። የጅብ አንገት ጠጉር ተነቅሏል፤ ልክ እንደ አህያ፣ በዚያው ቦታ።

«አንተ፣ ሆድህ ሊገድልህ ነው!»

«ሆዴ? ሆዴማ ወዳጄ ነው» አለ ጅብ ተቀይሞ።

ቀበሮ ጅብን ትታ ወደ ምድጃው ቤት ዞረች። አንዱ ለወጥ፣ አንዱ ለዘፈን። ጅብ የሰው ተራ ይሰርቃል፤ አህያም የሰው ተራ ላይ ይቆያል። በሁለቱም አንገት ላይ ያለው ያው አንድ መላጣ ነው። እሷ አንዱን ሌባ፣ አንዱን ጀግና ስትል ከረመች። ጅራቷ ቀጥ አለ።

ከውስጥ «ጭርጭርጭርጭር» የሚል ጩኸት ይሰማል። ዝንጀሮዎቹ ከበሮውን ይደልቃሉ። አንበሳም ከሁሉ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አይዞህ የኔ ጀግና!» ይላል። ቀበሮ እየሮጠች ያለ ቅል ማንም እንዳያልፈው ኤሊ ካሰመረችው መስመር ላይ ቆመች።

«አህያ! ውጣ!»

አህያ ገመዱን ነክሶ ይጎትታል።

«ትሞታለህ!»

አንድ ጆሮውን ብቻ ወዘወዘ። ሞት ምኑ ነው? ሞት ዘፈን አያወጣበት! እሱ የሚፈራው ሌላ ነው፤ እሷም የሚፈራውን ታውቀዋለች።

ቀበሮ የዝንጀሮውን ከበሮ መንጭቃ ቀማችው። አንድ ጊዜ መታችና፣ አገር እስኪሰማ ጮኸች፦

«አንተ ጅብ!»

ውስጥ ያለው አህያ አፉን ከፈተ። ገመዱ ወደቀ።

«ማነው ጅብ?»

«አንተ ነህ! ማን ሊሆን? ዝሆኑ ተራውን ይጠብቃል። ግመሉ ከዚያ ሁሉ በረሃ መጥቶ ተራውን ይጠብቃል። አንተ እዚያ ገብተህ የሁሉንም ድርሻ ለብቻህ ታግበሰብሳለህ! አንዱን ሆዳም አሁን በወጥ ያዝኩት፤ አንተን ደግሞ በገመድ። ልዩነታችሁ ምኑ ላይ ነው?» ከበሮውን መታች፦

«ሥራ እንጀራ ነው፣ ለሁሉ ይበቃል፣
የሌላውን ድርሻ ጅብ ብቻ ይውጣል!»

ዝሆኖቹ የመጀመሪያዎቹ ሆኑ። ከተቀየሙ ወዲህ ድምፃቸው ያልተሰማው ዝሆኖች በኩምቢያቸው ተቀበሏት። ግመሎቹ ተከተሉ። የሰልፉም ሰው ሁሉ ማጨብጨብ ጀመረ። አህያ ከውስጥ እየተደነቃቀፈ፣ እያነከሰ፣ ዓይኑ በንዴት ቀልቶ ወጣ።

«እኔ ጅብ አይደለሁም! ማንም ይጠራኝ፤ ሸክም ይበሉኝ፣ ደደብ ይበሉኝ! ጅብ ግን… የሰው ድርሻ በልቼ አላውቅም!»

«አውቃለሁ» አለች ቀበሮ ድምፅዋ እየሰለለ። «አሁን ወጥተሃል። በቃ፣ አውቃለሁ።»

የኤሊ ልጆች ተቀብለው አጠቡት፣ ጥላ ሥር አስተኙት።

ጅብ ከድስቱ አጠገብ ቀና አለና ጎኑ ያለውን ጠየቀ፦ «አሁን ይቺ ሴትዮ የሰደበችው እሱን ነው ወይስ እኔን?»

«ሁለታችሁንም።»

«እሺ፤ ግማሽ ከሆነ ግድ የለም» አለና ወደ ድስቱ ተመለሰ። እማማ ኤሊ ግን ድስቱን ወሰደችበት፤ እስኪያገግም ድረስ ሾርባ ብቻ ፈቀደችለት። በሕይወቱ እንዲህ አልቅሶ አያውቅም።

ገመዱን ግመል አነሣ። ፌንጣዋ ስትንጫጫ ጥሎ ወጣ። ዝሆን ተከተለ፤ ጥሎ ወጣ። ሚዳቋዋ፣ ከርከሮው፣ ከበሮ የሚመቱት ዝንጀሮዎች ሳይቀሩ እየገቡ ወጡ። ክዳኑ በየተራው ስንዝር ስንዝር ተንፏቀቀ። ከዚያ የአንበሳ ተራ ደረሰ።

አንበሳ ቅሉን አንገቱ ላይ አጥልቆ ገባ። ጎተተ። ክዳኑ ተንቀሳቀሰ፤ ሊገጥም ትንሽ ቀርቶታል። ፌንጣዋ ተንጫጫች። አንበሳ ክዳኑን አየ። ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ አራት አገር ቆሞ ያየዋል። አንድ ጊዜ ቢጎትት፣ ንጉሥ ጨረሰው ሊባል ነው።

ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሳይጨርስ ወጣ።

ዝንጀሮዎቹ ከበሮውን ይዘው ምን እንደሚሉ ጨንቋቸው ተያዩ። በዚህ መካከል ከጥላው ሥር አንድ የሻከረ ድምፅ ተነሣ። አህያ ነበር፤ ተኝቶ ያናፋል፦

«ወጣ ወጣ፣ ጌታው ወጣ፣
ድርሻውን አድርሶ መጣ!»

አገሩ በእልልታ ቀለጠ። አንበሳ በኀፍረት ይሁን በደስታ ማን ያውቃል፣ ጋማው ሁሉ ቆመ።

ከእሱ በኋላ ሌሎች ተረኞች ገብተው እየጎተቱ ክዳኑ ገጠመ። ዝናቡም ያን ጊዜ ወረደ፤ እንዴት ያለ ዝናብ! በሸክላው ላይ እየተንኳኳ ወርዶ፣ በኤሊ ልጆች በተቆፈረው ቦይ አድርጎ፣ ወደ ወንዙ ገባ።

ዝናቡ ሲያባራ ሁሉም ወንዙ ዳር ተሰበሰበ። እማማ ኤሊ አንድ ቅል በገመድ አስራ ውሃው ላይ አወረደች። ጠበቁ። ፌንጣዋ ዝም አለች። ወደ ታች ወሰደቻት፤ ዝም አለች። ወደ ላይ መለሰቻት፤ ዝም።

አህያ በደካማ እግሩ ወደ ውሃው ወረደ። አጎንብሶ ጠጣ። ረዥም፣ ድምፅ ያለው፣ የጥማት መጠጣት ጠጣ። ከታመመ ወዲህ በአፉ የገባ ነገር ደስ ሲለው ቀበሮ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ቀበሮ ዞር ብላ ዓይኗን በጅራቷ ጠረገች፤ አቧራ ገብቶባት ነው አለች፤ ከዚያ ሁሉ ዝናብ በኋላ የምን አቧራ እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

«እንግዲህ» አለ አንበሳ ደረቱን ነፍቶ፣ «በአገራችን ደቦ የጨረሰው ስሙ በዘፈን ይጠራል። ክዳኑን ማን ገጠመው?»

ሁሉም ተያዩ። አንዱ ግመል «እኔ ስወጣ ትንሽ ቀርቶት ነበር» አለ። አንዷ ሚዳቋ «እኔ ስገባም ትንሽ ቀርቶት ነበር» አለች። የመጨረሻውን ማን እንደጎተተ ያየ አልተገኘም፤ ሁሉም እየታጠበ ነበር።

«ደግሞስ ማን አለቀ አላችሁ?» አለች እማማ ኤሊ። «ያ የቀለጠው ገንፎ ከክዳኑ ሥር ቁጭ ብሏል። ያ የሚሞተው እኛም ልጆቻችንም ካለፍን በኋላ ነው። በየዓመቱ መጥተን ክዳኑን እናያለን፤ የተሰነጠቀውን እንለስናለን። እናንተም ትመጣላችሁ፣ እኛም እንመጣለን።»

«ታዲያ ይሄ ደቦ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለ አንበሳ።

«እሱ አያልቅም፣ ልጄ። የሚያልቀው ተራ ነው።»

አህያ ከውሃው ቀና አለ። አፉ እየተንጠባጠበ አሰበ። ያልተጨረሰ ሥራ እዚያ ማዶ፣ ክዳን ሥር ተቀምጧል፤ እሱ ደግሞ እዚህ ቆሞ ውሃ ይጠጣል።

«ለሚመጣው ዓመት መጀመሪያ የሚገባው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«አንተ አይደለህም» አለች ቀበሮ።

አህያ ጆሮውን ወዘወዘ። «እሺ» አለ። ከዚያም በወንዙ ዳር፣ በድሮ ደጃፉ ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፉን ለጠጠው።

ከዚህ የምንማረው ለብቻ የማይቻል መከራ ሲመጣ ጎረቤትን ሳያፍሩ መጥራት፣ የራስን ድርሻ ሠርቶም የቀረውን ለሚቀጥለው አምኖ መልቀቅ፣ እዚያው ተገትሮ ከመሞት የበለጠ ጀግንነት መሆኑን ነው።